ሆሳዕና፣ አንድ ሰው የቀረው!

ዓርብ ማለዳ፣ አዲስ አበባ

ስሟን የሰማሁት መናኸሪያው በር ላይ ሳልደርስ ነው። «ሆሳና! ሆሳና! ሆሳና! አንድ ሰው የቀረው!» ረዳቱ አንድ እግሩን ከመኪናው ደረጃ፣ አንዱን ከመሬት አድርጎ ይጣራል። ገና በማለዳው ድምፁ ሻክሯል። «አንድ ሰው የቀረው» መኪና ውስጥ ገብቼ ስቆጥር ከእኔ ጋር አምስት ሆንን። ሊሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ።

በዚያ አንድ ሰዓት ስሟ ስንት ጊዜ እንደተጠራ አልቆጠርኩም። ከነገ ወዲያ ግን እሑዱ ሆሳዕና ነው፤ ዘንባባ የያዘ ሕዝብ በየደብሩ ይህንኑ ቃል ሊያሰማ ነው። ረዳቱ ከተማ ይጠራል፣ ምእመኑ በዓል ያከብራል፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት በኢየሩሳሌም መንገድ ላይ የጮኸው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። አንድ ቃል እንዲህ ርቆ ሲሄድ በየመንገዱ ምን ይጥላል? ምንስ ያነሣል? ማስታወሻ ደብተሬን የያዝኩት ለዚህ ነው።

አጠገቤ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተቀመጡ።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ሆሳዕና ነኝ፣ አባባ።»

«ለሆሳዕና ነው ወደ ሆሳዕና?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው» አሉና ሣቁ።

ዓለም ገናን አልፈን ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ጢያን በመስኮት አየሁ። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የብዙዎቹን ምልክቶች ትርጉም የሚያነብ የለም። ድንጋዩ አለ፣ ጽሑፍ መሳዩ አለ፣ ፍቺው ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሯል። እኔ የማሳድደው ቃል የተገላቢጦሽ ነው፤ ፍቺው በዝቶበታል።

ከቡታጅራ በኋላ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ብቅ ይላል፤ ወራቤን ሲያልፉ መንገዱን ግራ ቀኝ ይዞት ይሄዳል። ጉራጌው አሰት፣ ሀዲያውና ከምባታው ዌሳ፣ ኦሮሞው ወርቄ፣ ወላይታው ኡታ ይለዋል። ተክሉ አንድ ነው፤ ስሙ በየአፉ ይለያያል። የእኔ ቃል እዚህም የተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ነገሩ ብዙ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሆሳዕና

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንገባ መጀመሪያ የቆጠርኩት ታፔላ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ጎፈር ሜዳ ስሄድ የከተማዋን ስም በፊደላችን በሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘሁት፤ ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና። በላቲኑ ጉራማይሌው ይብሳል፤ አንዱ ሁለት «ኤስ» ይሰጣታል፣ ሌላው ሁለት «ኤን»፣ ሦስተኛው በመካከል «ኤ» እና «ኢ» አጣብቆ ያልፋል። ሁሉም የሚታገለው ከአንዲት ፊደል ጋር ነው፤ ከዕ ጋር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዕን እንጽፋታለን እንጂ አንጠራትም። ረዳቱም «ሆሳና» ብሎ ዘሏታል። ይህችን ፊደል በሕዳግ ላይ አከበብኳት።

ከተማዋ ቀድሞ ዋቸሞ ነበረች። በዐድዋ ከምኒልክ የመድፍ አለቆች አንዱ የነበሩት፣ በኋላም ከምባታን የገዙት ራስ አባተ ቧያለው ሆሳዕና እንዳሏት፣ ስሙም ከበዓሉ ጋር እንደሚያያዝ እዚህ ይነገራል። ስም ሰጪው ጦር ይዞ የመጣ ሰው ስለሆነ፣ ቃሉ እዚህ የገባው በአህያ ውርንጫ ላይ ተቀምጦ አልነበረም።

በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስም የተዋሱ ከተሞች ሌሎችም አሉ። ናዝሬት ተመልሳ አዳማ ሆነች። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆነች። ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ነው፣ ሆሳዕና ስምንተኛው፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ጾም ውስጥ የተሰየሙ እህትማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ሆሳዕና ስሟን አልለወጠችም። ዋቸሞ ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ሆኖ ተመለሰ። እናም እዚህ ያለ ተማሪ ዋቸሞ ይማራል፣ ሆሳዕና ያድራል።

ማታ ቆጮ በጎመን አዘዝኩ። ጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ክትፎው በቅቤ ይጨሳል። አስተናጋጇ «የጾም ነው?» ማለትን ትታ «ጾመኛ ነዎት፣ አይደል?» አለችኝ። ፊት አይታ የምትለይ ይመስላል። በአንድ ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ ይበላል፤ ሁሉም የሚኖረው ሆሳዕና ነው፣ ሁሉም ግን ቃሉን የሚሰማው በየራሱ ጆሮ ነው።

ዓርብ ሌሊት፣ አልጋ ቤት

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የቃሉን ዘር ቆጠርኩ።

መነሻው ዕብራይስጥ ነው፤ «ሆሺዓ ና»። ሆሺዓ ማለት አድን፣ ና ማለት እባክህ። አማርኛ የለመደ ጆሮ «ና»ን ሲሰማ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል፤ በዓሉም የመምጣት በዓል ስለሆነ አጋጣሚው ያምራል፣ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው። በዳዊት መዝሙር በእኛ ቁጥር 117ኛው፣ በዕብራውያን 118ኛው ላይ ቃሉ ንጹሕ ልመና ነው። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 ደግሞ የቴቁሔዋ ሴት በንጉሥ ዳዊት ፊት ተደፍታ «አድን» ስትል የምትጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከቤተ መቅደስ በፊት የችሎት ጩኸት ነበር። የእኛ ሰው ቢሆን «አቤት! አቤት!» የሚለው ነው።

ልመና እንዴት ውዳሴ ሆነ? የውጭ ሊቃውንት ብዙ ተጨንቀውበታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን መልሱ በአፉ ውስጥ አለ። «አቤት» የተበደለ ሰው ጩኸት ነው፤ አቤቱታ የሚባለውም ከዚያው ነው። «አቤቱ» ስንል ጸሎት ነው። ስንጠራ «አቤት» ስንል መልስ ነው። «አቤት ውበት!» ስንል ደግሞ አድናቆት ነው። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም፤ ሰው ከልቡ የሚጮኽበት ቃል ሲደጋገም ፍቺው ይሟሟና ስሜቱ ይቀራል። ሆሳዕናም እንዲሁ ሆነ።

በ383 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ዳማሰስ ሳይቀሩ ሄሮኒመስን (ጀሮምን) «ሆሳዕና ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውታል። ሰውየው ዕብራይስጥ ያውቅ ነበርና «አድን፣ እባክህ» ማለት ነው ብሎ በደብዳቤ መለሰላቸው። ይህንን ቃል ጳጳሱ ራሳቸው መጠየቃቸው ልመናው ምን ያህል እንደተረሳ ያሳያል። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ነገሩን በሌላ መንገድ አየው፤ ቃሉን ከቃለ አጋኖዎች ተራ መደበውና የሚገልጸው ሐሳብን ሳይሆን ደስታን ነው አለ። ከአራቱ ወንጌላውያን ሦስቱ ቃሉን ሳይተረጉሙ ጽፈውታል፤ ሉቃስ ግን ያንኑ ታሪክ ሲተርክ ጭራሽ ትቶታል።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ የፊደሉ ነገር ነው። ግሪክ የጉሮሮ ድምፅ የሚጻፍበት ፊደል የለውምና ዕን ጣላት። ከግሪክ የወሰዱት ላቲኖችና አውሮፓውያን ሁሉ ያለ ዕ ቀሩ። ሶርያውያን ዕን ጠብቀው የመጀመሪያውን ሀ ጣሉና «ኡሻዕና» አሉ። አረቦች ከሶርያው ወስደው ራሱን ቆረጡትና በዓሉን «ሻዓኒን» አሉት፤ በሊባኖስ ልጆች በዚያ ቀን ያጌጠ ሻማ ይዘው የሚዞሩት በዚህ ስም ነው። ግሪኩ ጉሮሮውን አጣ፣ አረቡ ራሱን አጣ። ግእዝ ግን ሁለቱንም ይዟል፤ ሆ አለች፣ ዕም አለች። «ሸ» የሚባል ፊደል ስላልነበረው በሳ ተካ እንጂ ሌላ አላጎደለም። ወንጌል ወደ ግእዝ የተተረጎመው ከግሪክ ነው ይባላል። ግሪኩን ብቻ እያየ የጻፈ ሰው ዕን ከየት ያመጣታል? ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቃሉን ከሴማዊ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ይህች ፊደል የዚያ ሰው የእግር ኮቴ ትመስለኛለች።

ቃሉ ከአፍ ወጥቶ እጅ ውስጥም ገብቷል። አይሁድ የዳስ በዓልን ሲያከብሩ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፤ ቀኑን «ሆሻና ራባ»፣ ታላቁ ሆሳዕና ይሉታል፤ በዚያ ቀን መሬት የሚመቱበትን የአኻያ ቅርንጫፍ እስርም «ሆሻና» ይሉታል። እዚያ ቃሉ ጸሎት ነው፣ ቀን ነው፣ ቅጠልም ነው። ሩሲያውያን ዘንባባ በበረዶ አገር ስለማይበቅል እሑዱን በአኻያ ያከብሩና በአኻያው ስም ይጠሩታል፤ ሳያስቡት ወደ አይሁዱ ቅጠል ተመልሰዋል። በሕንድ ኬረላ ያሉት የሶርያ ሥርዓት ክርስቲያኖች እሑዱን «ኦሻና» ይሉታል። ጣሊያኖች ግሥ አደረጉት፤ «ኦዛናሬ» ሲሉ ሰውን በጭብጨባ ማወደስ ማለታቸው ነው፤ «ኦዛና» የሴት ስምም ነበር።

ደብተሬን ከመዝጋቴ በፊት አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ኢያሱ፣ ሆሴዕና ኢየሱስ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከዚሁ «ማዳን» ከሚለው ሥር ናቸው። ያ ሕዝብ «አድን» ብሎ ሲጮህ የሚመጣውን ሰው በስሙ መጥራቱም ነበር።

ቅዳሜ፣ ዱራሜ

ጠዋት ወደ ከምባታ ሄድኩ። ከቤት ጓሮ ቤት ጓሮ ነው፤ ባዶ መሬት ዓይን አይይዝም። ሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ ይጠብቃል። ወደ ላይ የሚወስዱት ደረጃዎች 777 ናቸው፤ ቆጥሬ ልጨርስ ጀምሬ ትንፋሼ ሲያልቅ ቁጥሩም ከእጄ አመለጠ።

ዱራሜ የሄድኩት ግን ለተራራው ብቻ አይደለም። ከምባታ ውስጥ «ባሊሻ» የሚባል የሴቶች ወግ አለ፤ በሀዲያና በሲዳማም የሚመስለው አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ እዚህ ግን ከስሙ ያልፋል። ስሙ የሚጀምርበትን ቀለም ተጋርቶ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተዋለች። ውኃ ይሁን ላም፣ እህል ይሁን ቀን፣ ከአማቷ ስም ጋር በአንድ ድምፅ ከተነሣ በሌላ ቃል ትተካዋለች፤ ምትኩንም ከቀደሙት ሴቶች ትማራለች። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት አንዱን ነገር በሁለት ስም እየጠሩ ይኖራሉ፤ ጎረቤቲቱም በሌላ አማት ምክንያት በሦስተኛ ስም ትጠራዋለች። ዛሬ ወጉ እየሳሳ ነው፤ የተማሩትና ወጣቶቹ ብዙዎቹ ትተውታል።

ገበያ ዳር ቡና የምታፈላ እናት አገኘሁና ስለዚህ ስጠይቃት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሣቀች። እኔም ያሰብኩትን አወጣሁ፤ «እንግዲህ እማማ፣ አማቷ ስሙ በ‹ሆ› የሚጀምር ሴት ሆሳዕና ስትሄድ ወዴት እሄዳለሁ ትላለች?»

ስኒውን ሞልታ እስክትጨርስ ዝም አለች። «ገበያ ነው የምሄድ ትላለቻ!» አለችኝ።

እኔ ስለ ዕብራይስጥና ስለ ግሪክ ሌሊቱን ሙሉ ስባዝን፣ እዚህ አንዲት ሙሽራ ከክብር የተነሣ ቃላትን እንደ ዕቃ ስታነሣና ስትጥል ኖራለች። ቃል በጦር፣ በወንጌልና በንግድ ብቻ አይለወጥም፤ በምራት ዝምታም ይለወጣል። የመስቀልን በዓል ከምባታ «መሳላ» ይለዋል፤ ሀዲያ በዚያው በመስከረም ሰሞን የዘመን መለወጫውን «ያሆዴ» ብሎ ያከብራል። አንዱ የመጣውን ስም በራሱ ጉሮሮ አለስልሶ ያዘ፤ ሌላው የራሱን ስም ጠበቀ።

እሑድ፣ ሆሳዕና በሆሳዕና

ቅዳሴው ገና ሳያልቅ ዘንባባው ይታደላል። ልጆች ቀለበት ይሠሩበታል፣ መስቀል ይጎነጉኑበታል፣ ግምባራቸው ላይ ያስሩታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ለእኔም ቀለበት ሠርታ አጠለቀችልኝ፤ ጣቴ ወፍራም ሆኖባት ሁለት ጊዜ ፈታችው።

ከዚያ የማይጠበቀው ነገር ይመጣል። በዚያው ዕለት፣ ገና ዘንባባው በእጅ እያለ፣ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ከሰኞ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ነውና በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አስቀድሞ ለሁሉም ይፈታል። ግምባሩ ላይ ዘንባባ ያሰረው ሰው ሁሉ ራሱን ደፍቶ ለራሱ ሊሆን የሚችለውን ጸሎት ይሰማል። በአንድ ጠዋት ውዳሴው ተመልሶ ልመና ሆነ። ሄሮኒመስ ለዳማሰስ በደብዳቤ የጻፈውን እዚህ ካህኑ በሥርዓት ፈጽሞት አየሁ።

ከደጁ ወጥቼ ስሄድ ከወንጌላውያን አዳራሽ የሚወጣው መዝሙር መንገዱን ሞልቶታል። በሀዲያና በከምባታ የወንጌላውያን ብዛት ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚህ ከመጡት የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሰዎች የተነሣ ታሪክ አለው። ለወንጌላውያኑ ሆሳዕና የአንድ እሑድ ስም ሳይሆን በማንኛውም እሑድ እጅ አንሥተው የሚሉት ውዳሴ ነው። ካቶሊኮቹ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሳቸው ሐዋርያዊ ቪካሪያት አላቸው፤ በሮም መዝገብም ሆሳዕና ተብሎ ተጽፏል። ለሙስሊሙ ባለሱቅ ሆሳዕና የተወለደበት ከተማ ናት፣ ሌላ ምሥጢር የለባትም። ልጆቻቸው «ሳውዝ» ለሄዱባቸው እናቶች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ስልክ የሚደውል ድምፅ የሚናፍቃት አገር ናት። የትኛው ነው እውነተኛው ፍቺ ብዬ ለመምረጥ የሚያስችል ድፍረት አላገኘሁም።

ከሰዓት በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም አጠገብ ሳልፍ የከተማዋን የእግር ኳስ ክለብ መለያ የለበሱ ልጆች አገኘሁ፤ ደረታቸው ላይ «ሀዲያ ሆሳዕና»። ስሙን ቃል በቃል ሰነጠቅኩት። በአረብኛ ጆሮ «ሀዲያ» ስጦታ ነው፤ ቱርኮች ሄዲዬ፣ ማላዮች ሃዲያህ ይሉታል፤ ከዚያ ቃል የሕዝቡን ስም የሚያመጡም አሉ። ሕዝቡ ግን ስሙን ተሸክሞ የቆየ ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው አረብ ጸሐፊ ሀዲያን ከሰባቱ የሙስሊም መንግሥታት አንዷ ብሎ ጽፏል። የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆነችው እሌኒም የሀዲያው ገራድ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የከተማው ሆስፒታል በስሟ ይጠራል። «ገራድ» እዚህ የገዢ ማዕረግ ነው፤ ሶማሊኛ ውስጥ ማዕረግም ማስተዋልም ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን አጥብቆ ካልሰማ «ገረድ» ብሎ ንጉሡን ጓዳ ያስገባዋል። ታዲያ አንድ አረብና አንድ ዕብራዊ እዚያ ስታዲየም ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ደጋፊው የሚጮኸው «ስጦታ፣ እባክህ አድነን!» ይሆንላቸዋል። ቡድኑ በሚመራበት ቀን ውዳሴ፣ በሚሸነፍበት ቀን ልመና።

ማታ ከአንድ የሀዲይኛ መምህር ጋር ሻይ ጠጣሁ። ስለ ዕ አነሣሁለት። በሀዲይኛ ጉሮሮን ዘጋ አድርጎ የሚለቅ ድምፅ አለ፤ ፈጣሪን ሲጠሩ «ዋአ» ይላሉ፣ የኦሮሞው «ዋቃ» ዘመድ ነው፤ በመካከል ትንሽ ስንጥቅ ትሰማለች። በላቲን ሲጽፉት በላይ በኩል ጭረት ያደርጉበታል። «የከተማችሁን ስም አንድ ጊዜ ይበሉልኝ» አልኩት። ሳይቸኩል አለልኝ። ከሳ በኋላ ጉሮሮው ቆም አለ። የዕብራይስጡ ዕ አይደለችም፣ ሌላ ድምፅ ናት። ግን አማርኛ ዘሎ ያለፈውን ቦታ ይህ አፍ ባዶ አልተወውም። ሕዳጉ ላይ ያከበብኳትን ፊደል ሁለተኛ አከበብኳት።

ሰኞ ማለዳ፣ መናኸሪያ

ስመለስ ቀለበቷ ደርቃ ቡናማ ሆናለች። መናኸሪያው ደርሼ ጆሮዬን ሰጠሁ። «አዲሳባ! አዲሳባ! ቡታጅራ፣ ወራቤ! ዱራሜ የሚሄድ! ሾኔ!» ረዳቶቹ የሌላውን ሁሉ ስም ይጠራሉ። ሆሳዕና የሚል አንድም የለም።

የሚያስቅ ግልጽ ነገር ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ ቆሞ ሆሳዕና ብሎ የሚጣራ ረዳት እንጀራ አይበላም። ይህ ቃል የሚጮኸው ገና ካልደረሱበት ቦታ ነው። ያ የኢየሩሳሌም ሕዝብም፣ የቴቁሔዋ ሴትም የጮኹት ገና ስላልደረሱ ነበር።

«ሞልቷል አባት፣ አንድ ሰው ብቻ!» አለኝ ረዳቱ።

ገብቼ ቆጠርኩ። ከእኔ ጋር አራት ነን።